ፈልጌ ነው የጠየቅኩት

የገዛ አባቷን አራት ሺህ ሰው ፊት አዋርዳ አባረረችው። ማንን እንዳባረረች ያወቀችው ግን በማግስቱ ጠዋት፣ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች ሳለች ነው።

አባትየው ስልኩን በጠረጴዛው ላይ በጣቱ ገፋ አደረገላትና «ይሄን ጨዋታ አጥፊልኝ፤ ዝም ብሎ ቦታ ይዟል» አላት። ስልኩ የእሷ የነበረ ነው። አምና አዲስ ስትገዛ፣ መስታወቱ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀውን አሮጌውን ለእሱ አወረሰችው፤ ከመጫወቻ ስሟ በቀር ውስጡ ያለውን ሳታጠፋ፣ ከነጨዋታው። ደውሎ ከማናገር ያለፈ ይሠራበታል ብላ አላሰበችም። «አንተ ደግሞ ይሄን መቼ ጀመርከው?» ብትለው «እናትሽ ከሄደች ወዲህ» አለ። እናትየዋ አራስ የሆነችውን ታላቅ ልጇን ልትንከባከብ ከሄደች ሁለት ወሯ ነው። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዱ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ይውላል፣ ሌላዋ ስትገባ ዓይኗን ከስልኳ ላይ አታነሳም።

ጨዋታውን ለማጥፋት ስትነካው አባቷ ትናንት የተወበት የተጫዋቾች ግሩፕ ገጽ ተከፈተ። ከታች በቀይ «ከዚህ ግሩፕ ተወግደዋል» ይላል። ከቀዩ ጽሑፍ በላይ ቆንጥር የሚባል አድሚን የጻፈው የመጨረሻ ቃል አለ፤ «እኛ ግን አልፈለግንህም።» ከሥሩ አንድ መቶ ሠላሳ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል። ቆንጥር እሷ ነች።

ዳቦውን አስቀመጠች። «ማነው ያስወጣህ?» አለች።

«ቆንጥር የሚሉት አንድ ጎረምሳ ነው። አልተቀየምኩትም። አሳዳጊ የበደለው ነው፤ እሱ ምን ያድርግ?» አለና ብርጭቆውን በሁለት እጁ አንስቶ ፉት አለ። በአንድ እጅ ማንሳት ከተወ ሁለት ዓመት ሆነው።

አባትየው አናጢ ነው። ነበር ማለት ይሻላል። አርባ ዓመት በር ሲሰቅል ኖሯል። ሠፈሩ ውስጥ እሱ ያልሰቀለው በር ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ሰው ሲያገባ፣ ቤት ሲያድስ፣ ሌባ ሲገባበት «ጋሽ አናጢ» ይላል። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጀመሪያ ለድካም ሰጠው፤ ከዚያ አንድ መቃን አጣመመ፤ ከዚያ አንድ ቀን መላጊያውንና መጋዙን ጠቅልሎ ለአንድ ወጣት አናጢ በርካሽ ሸጠና ወደ ቤት ገባ። ስለዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም። እነሱም አልጠየቁትም። የቤታቸው በሮች ግን እስከ ዛሬ ይመሰክሩለታል፤ አንዱም ሲጢጥ አይልም። በተለይ የእሷ ክፍል በር ሲዘጋ መዘጋቱ የሚታወቀው ከሳሎን የሚመጣው ብርሃን ሲቋረጥ ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን ታጠፋዋለህ? ግሩፑ ቢቀር ጨዋታው አለ አይደል?»

«ተኩላውስ? የሠራሁትን ማታ ማታ ገብቶ ያወርደዋል። አርባ ዓመት በር የሰቀልኩ ሰውዬ ጥፍር የምታህል በር መዝጋት አቃተኝ ብዬ ለማን አወራለሁ? አጥፊው ባክሽ።»

«ማታ አጠፋልሃለሁ፤ ረፍዶብኛል» ብላ ተነሳች። አልረፈደባትም። ሃያ ደቂቃ ነበራት።

ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ዛፍ ትቆርጣለህ፣ ሳንቃ ታወጣለህ፣ ቤት ትሠራለህ፤ ሲመሽ ተኩላ ይመጣል፤ በርህን ካልዘጋህ ገብቶ ያለህን ይበትናል። እሷ ከዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ጀምሮ አራት ዓመት ተጫውታዋለች። ግሩፑን ካቋቋሙት ሦስት ሰዎች አንዷ ነች፤ ሃያ አራት ገጽ መመሪያ የጻፈችው እሷ ነች፤ በግሩፑ አናት ላይ የተለጠፈውን ሕግም ያወጣችው እሷ ነች፤ «ሳይፈልጉ አይጠይቁ።» መጀመሪያ መመሪያው ውስጥ ፈልግ፣ ካጣህ ጠይቅ ማለቷ ነው። አዲስ ገቢን «ጥሬ» ይሉታል። በቀን አርባ ጥሬ ይመጣል፤ አርባውም አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ያልበሰለ ሁሉ እየመጣ ካላበሰላችሁኝ ሲል ማን ትዕግሥት አለው? እሷ በተለይ የላትም። ቆንጥር የሚለውን የእሾህ ስም ያወጡላት ለዚህ ነው፤ እሷም ወደደችው። ከዶክተር በቀር፣ ማለትም ከሁለተኛው አድሚን በቀር፣ ሴት መሆኗን የሚያውቅ የለም።

ትናንት ከሥራ ስትወጣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ከፊቷ ያለችው ሴትዮ የገዛችው ሽንኩርት ከፌስታሉ እየወደቀ እግሯ ሥር ይንከባለላል። እንግዳ 4471 የሚባል ሰው ግሩፑ ውስጥ ጻፈ፤ ስም ያላወጣ ሁሉ እንግዳ ነው፣ ቁጥሩን ጨዋታው ይሰጠዋል። «እንደምን አመሻችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር። በሩ እንዴት ነው የሚዘጋው? ተኩላ ስድስት ጊዜ ገብቶብኛል። አመሰግናለሁ።» አራት ነጥቡ ሳይቀር በየቦታው አለ። ግሩፑ ውስጥ አራት ነጥብ የሚያስቀምጥ ሰው ስለሌለ ያን ብቻ አይተው ተንጫጩ። «አያ መጡ! ወንበር አምጡ!» «ደብዳቤው ማህተም የለውም፣ ይመለስ።» አንዱ ደግሞ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ብለውት ነው የመጣው» ሲል ሌላው «እዚህ ቤት መጠየቅ ያደርጋል ውድቅ» አለ። እሷም በአውራ ጣቷ «ሕጉን አንብብ፤ ሳይፈልጉ አይጠይቁ ይላል» ብላ ጻፈች።

እንግዳው ዘገየ። «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። ሦስት ታክሲ ሞልቶ ሄደ። እሷም «ሃሎ? አያ ተኙ?» ብላ ጨመረችበት። በመጨረሻ ሦስት ቃል መጣ፤ «ፈልጌ ነው የጠየቅኩት።»

አበቃ። «ፈልጎ ነዋ! ሳይፈልግማ ማን አስገደደው!» «ሕግ አክባሪ ነው እኮ፣ ፈልጓል!» እሷ ያን ጊዜ «እኛ ግን አልፈለግንህም» ብላ ጻፈችና ማስወጫውን ተጫነች። መሳቁም ማስወጣቱም አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ታክሲው መጣ፤ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ የሳቁ ቁጥር ሲጨምር እያየች መጣች። ፈገግ ማለቷን ታስታውሳለች። ቤት ስትገባ አባቷ ሶፋው ላይ ስልኩን ጭኑ ላይ በፊቱ ደፍቶ ተቀምጦ ነበር፤ መብራት አላበራም። «ሻይ ላፍላልሽ?» አላት። «ደክሞኛል» አለችው። ቆማ ስልኳን እያነበበች ስትስቅ «ምን ያስቅሻል?» አለ። «ምንም፤ አንድ ሞኝ ሰውዬ ነው» አለችው። እሱም እንደ ልማዱ «ሞኝ ከሌለ ብልጥ ጦሙን ያድራል» ብሎ መለሰላት።

ከሁሉ የከነከናት ይቺ ናት። ማባረሩስ ይሁን፣ ሳታውቅ ነው ይባላል። ሞኝ ያለችው ግን ዓይኑን እያየች ነው። ደግሞም ማወቅ አለማወቅ ምን ለውጥ አለው? እንግዳ 4471 የሌላ ሰው አባት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጠዋት ዳቦዋን በሰላም ትበላ ነበር። ይህን ሐሳብ አልወደደችውም፤ ታክሲ ውስጥ ተወችው፤ እሱ ግን አብሯት ወረደ።

የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። ፊት ለፊት መስታወትና የመነጽር ፍሬም፣ ከመጋረጃው በኋላ ደግሞ ሌንስ የሚሞረድባት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ክፍል አለች። የተማረችው ሌላ ነበር፤ ሥራ ስታጣ ነው እዚህ የገባችው። ባለሱቁ ሙያውን ያስተማራት በስድብ ነው ቢባል ውሸት የለውም። የትኛው የሌንሱ ፊት ወደ ውጭ እንደሚዞር ስትጠይቀው «ዓይንሽ የት ነው?» ነበር መልሱ። መነጽር ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ ሆኖ ያገለግላል። ላለመጠየቅ ስትል አሥራ አንድ ሌንስ ሰብራለች፤ አሥራ ሁለተኛውን አልሰበረችም፤ ከዚያ ወዲህ የሚጠይቅ ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል። እኔ በስብራት ያገኘሁትን እሱ በነጻ ሊወስድ? ይህን ለራሷም ብላው አታውቅም፤ ዛሬ የሞረድ ማሽኑ እየጮኸ፣ ነጭ ዱቄት በጣቶቿ ላይ እየተጋገረ ሳለ ነው የመጣላት።

አራት ሰዓት ላይ አንዲት እናት መጡ። ርካሹ ፍሬም ስድስት መቶ፣ መካከለኛው ሺህ ሁለት መቶ ነው፤ ሁለቱንም አሥር ጊዜ አደረጉ አወለቁ። የሐኪሙን ወረቀት አውጥተው «ልጄ፣ ይሄ የሩቁ ነው የቅርቡ?» አሉ። ነገረቻቸው። ትንሽ ቆይተው «የቅርቡ ነው ያልሽኝ?» አሉ። ነገረቻቸው። ከበሩ ተመልሰው ሦስተኛ ጠየቁ። ሌላ ቀን ቢሆን «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እናቴ» ብላ መጋረጃውን ትዘጋ ነበር። ዛሬ ወጥታ አጠገባቸው ቆማ፣ ወረቀቱን ይዛ፣ ጣቷን በየመስመሩ እያስኬደች፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ከመጀመሪያው አስረዳቻቸው። ሴትየዋ ቀና ብለው ፊቷን ሲያጠኑ ቆዩና «ምነው ልጄ፣ ዋጋው ጨመረ እንዴ?» አሉ። ባለሱቁም ሲወጡ ጠብቆ «ታመሻል?» አላት። «አልታመምኩም» አለች። «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ደግ የሆንሽው? አስደነገጥሻቸው እኮ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ከሱቁ ጀርባ ባለው ደረጃ ተቀምጣ ግሩፑን ከፈተች። ዶክተር ሥዕል ሠርቷል፤ ከዘራ የያዘ ጎባጣ ሽማግሌ ክፍት በር ፊት ቆሟል፣ ከኋላው ተኩላ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፣ ከሥሩ «ፈልጌ ነው የጠየቅኩት» ተጽፏል። ሥዕሉ የማያስቅ አይደለም። የከፋውም ይኸው ነው። ሰዎች ለማንኛውም ጥያቄ መልስ አድርገው እየለጠፉት ነው። ዶክተር ሐኪም አይደለም፤ ጫማ እንደሚሸጥ ብቻ ነው የምታውቀው። ለብቻው ጻፈችለት፤ «እንግዳውን ብንመልሰውስ?»

«የቱን?»

«የበሩን።»

«ምነው? ዘመድሽ ነው እንዴ?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ሁለት ፊደል ነው። «ኧረ አይደለም» ብላ ጻፈች። «ኧረ» እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ከራሷ የጨመረችው ነው።

«እንግዲያ ሕግ ሕግ ነው፤ ያወጣሽውም አንቺ ነሽ። ባይሆን አንብቦ ይምጣ» አላት። እሷም ከሰዓቱን ሙሉ በዚህች ቃል ተደገፈች። አንብቦ ቢመጣ ኖሮ። ገጽ ሦስት ላይ እኮ ተጽፏል፤ በሩን አንዴ ንካው፣ ይዘጋል። ሕፃን የሚያደርገው ነገር ነው። ሞረዱ ላይ ጎንበስ ብላ ይህን ስትደጋግም ጥፋቱ ቀስ በቀስ ግማሽ በግማሽ እየሆነላት መጣ፤ እሷ ክፉ ተናገረች፣ እሱ ደግሞ አላነበበም። ማታ ገብታ በሩን አንዴ ዘግታ ታሳየዋለች፣ ጨዋታው አይጠፋም፣ የማን ቃል እንደነበር ማወቅ አያስፈልገውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል ይሆናል፤ ምንም ካለመጮህ ግን ይሻላል።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስትደርስ አባቷ አልነበረም። ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ የፌስታል መስቀያው ባዶ መሆኑ ይናገራል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከሥሩ ጠርዙ የተጠቀለለ ባለመስመር ደብተር አለ፤ በፊት የበርና የመስኮት ልክ ይጽፍበት የነበረው ነው። ሁለቱንም ይዛ ክፍሏ ገባች፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጾች ላይ የሰው ቤት በር አለ፤ ቁመት፣ ወርድ፣ የማጠፊያ ብዛት፤ ቀጥ ያሉ መስመሮች። ከዚያ ባዶ ገጾች። ከዚያ በአናጢ እርሳስ፣ እንደ ተጨማደደ ሽቦ በሚወላገድ ፊደል የተጻፈ ነገር ተከተለ። ሁለተኛውን መስመር ሳትጨርስ አወቀችው። የእሷ መመሪያ ነው። ሃያ አራቱንም ገጽ ገልብጦታል፤ ቀልድ ብላ የጨመረቻቸውን ሳይቀር፣ ከእነ ስድቡ። ገጽ ሦስት ላይ፣ «በሩን አንዴ ንካው፣ ይዘጋል» ከሚለው ጎን፣ «ሞክሬያለሁ» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ጭረት አኑሯል። ጭረቶቹን ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ ናቸው።

ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ጥያቄውን አርቅቆታል። «ክቡራን ተጫዋቾች» ብሎ ጀምሮ ሰርዞታል። «ውድ ልጆቼ» ብሎ ጀምሮ ይህንንም ሰርዞታል። ከዚያ «እንደምን አመሻችሁ።» ከዚህ ዝቅ ብሎ፣ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭኖ የጻፈው የመጨረሻው ነው፤ «መመሪያውን ፈልጌ፣ አግኝቼ፣ ሙሉውን አንብቤ፣ የእኔን ችግር ፈልጌ አጥቼ ነው የጠየቅኩት። በገጽ ሦስት የተባለውን ሳደርግ በሩ ይዘጋና ተመልሶ ይከፈታል። ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ።» ይህን ሁሉ በዚያች ጠባብ የስልክ ሰሌዳ ላይ በሚንቀጠቀጥ ጣት ሲለቅም፣ እሷ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆና «አያ ተኙ?» ትል ነበር። ቸኮለ። ከረጅሙ ቆረጠና ሦስት ቃል ላከ። «ፈልጌ» ያለው መመሪያው ውስጥ ፈልጌ ማለቱ ነበር። ሕጉ ያዘዘውን አድርጎ ነው የመጣው። ከአራት ዓመት ወዲህ ሕጉን በትክክል ያከበረ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የውጭው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማች። ደብተሩን ለመመለስ አልተነሳችም። አባቷ በክፍሏ በር ብቅ አለ፤ ዳቦው በብብቱ ሥር ነው። ደብተሩን አየ፣ ስልኩን አየ።

«አባዬ፣ ና እስቲ። በሩን ስትዘጋ አሳየኝ።»

«አጥፊው አላልኩሽም?»

«አጠፋዋለሁ። አንዴ አሳየኝ።»

አጠገቧ ተቀመጠ፤ አልጋው ወደ እሱ አዘመመ። መነጽሩን አደረገ፤ ሌንሱን የሞረደችለት እሷ ነች። ጨዋታውን ሲከፍት ቤቱን አየችው። ሌላው ሰው ሳጥን የመሰለ ቤት ሠርቶ ያልፋል፤ እሱ ለበሩ መቃን አበጅቶ፣ ጉበኑን ከሌላ እንጨት ለይቶ፣ ሳንቃዎቹን አንዱን በቁመት አንዱን በአግድም አሰናስሏቸዋል። ጨዋታው እንዲህ ማሠራቱን አታውቅም ነበር። ጣቱን በሩ ላይ አሳረፈ። ተዘጋ። ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤ ተከፈተ። ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። ጨዋታው እያንዳንዷን መንቀጥቀጥ እንደ አዲስ ንክኪ እየቆጠረ ነው። ጣቱን ሲያነሳ በሩ ወለል ብሎ ቀረ። «አየሽ?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ድል ነበረበት፤ በመጨረሻ ምስክር አገኘ።

መልሱን አታውቀውም። ሃያ አራት ገጽ የጻፈችው ሰው አታውቀውም። «ቆይ፣ ልጠይቅልህ» አለች። በራሷ ስም፣ በቆንጥር ስም፣ በራሷ ስልክ መጠየቅ ነበረባት። አልቻለችም። በእሱ ስልክ አዲስ እንግዳ ሆና ገባች፤ ጨዋታው 6120 ብሎ ቆጠራት። «መመሪያውን አንብቤያለሁ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ በሩ አልዘጋ አለኝ። የሚያውቅ አለ?» አባትየው አንገቱን አስግጎ ያነባል። መልሱ ለመምጣት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። መጀመሪያ ሥዕሉ መጣ፤ ሽማግሌው፣ ከዘራው፣ ተኩላው። ከዚያ «አያ ወንድም አላቸው!» መጣ። ከዚያ ዶክተር «እኛ ግን አልፈለግንህም» ብሎ ጻፈና ገጹ ቀላ።

አባቷ ቀዩን ጽሑፍ አየ፣ እሷን አየ። ከሁለት ወር ወዲህ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። «አንቺንም?» አለ። «እኔ ብቻ መስሎኝ!» ከዚያ ሳቁን ገታ አድርጎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ ቀኝ እጁ ስለሆነ መታ መታው አላቆም አለ። «አይዞሽ ልጄ። እንዳትቀየሚያቸው። ነገርኩሽ እኮ፣ አሳዳጊ የበደላቸው ናቸው።»

በዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ቀኑን ሙሉ ያሰበችው እንደዚያ ነበር። «አሳዳጊዋ አልበደላትም» አለች።

«ማን?»

«ቆንጥር። አሳዳጊዋ አልበደላትም። እኔ ነኝ አባዬ። ቆንጥር እኔ ነኝ።»

እጁ ከትከሻዋ ላይ ወረደ። አልቀጣትም፣ አልጮኸም፤ መነጽሩን አውልቆ መስታወቱን በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ፤ የጠዳውን ደግሞ ደግሞ ጠረገው። ጭኗ ላይ ያለው ስልክ ጢን አለ። ከግሩፑ ውጭ ለእንግዳ 6120 የተላከ መልእክት ነው፤ ላኪው ዝንብ ይባላል። ዝንብን ታውቀዋለች፤ ባለፈው ወር አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጠየቀ ብላ ለሳምንት አፉን ዘግታበታለች። «እናቴም እጇ ይንቀጠቀጣል» ይላል። «ማስተካከያ ውስጥ ግባና ከታች የዘገየ ንክኪ የሚለውን አብራው፤ ከዚያ አንዴ ብቻ ነው የሚቆጥረው። ትናንትም ለአንድ ሰው ልነግረው ስል አባረሩት። ግሩፑ ላይ አልጻፍኩትም፣ ይስቃሉ።»

ገባች፣ አበራችው፣ ወጣች። አራት ጊዜ መንካት ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ስልኩን ሰጠችው። «አሁን ሞክረው» አለች። አባቷ መነጽሩን መልሶ ሳያደርግ ጣቱን በሩ ላይ አሳረፈ። ጣቱ ተንቀጠቀጠ። በሩ ተዘጋ፤ እንደተዘጋ ቀረ። ትንሽ መወርወሪያ ቀጭ ብላ ወደቀች፤ ይህችን ድምፅ እሷ አራት ዓመት ሰምታት ቁም ነገር ብላ አታውቅም። እሱ ግን ጆሮውን አዘንብሎ አደመጣት፤ ልክ መሆኗን እንደሚፈርድ ባለሙያ።

አመሰግናለሁ አላለም። ስልኩን አጥፍቶ በሸሚዙ ኪስ ከተተው። ደብተሩን ከአልጋው ላይ አነሳ፣ የተጠቀለለውን ጠርዝ በመዳፉ አቃናው፣ በብብቱ ከዳቦው ጋር ያዘው። ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ፊቱን አላዞረም።

«ትናንት ማታ ስትስቂ የነበረው በእኔ ነው?»

«አዎ።»

«ሞኝ ያልሽው።»

«አዎ፣ አባዬ።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ የጠፋበትን ልክ እንዳገኘ ሰው፣ ቁጥሩን መዝግቦ እንደሚሄድ። «ገጽ ሦስት ላይ ጨምሪው» አለ። «ሌላ ሰው እንዳይቸገር።» ከዚያ ወጣና ወደ በሩ ዞረ። ለአንድ አፍታ ተያዩ። መያዣውን ሲጨብጠው እጁ መያዣውን አንቀጫቀጨው፤ ብረቱ ሦስት አራት ጊዜ ከሳንቃው ጋር ተጋጨ፤ ይህ በር ድምፅ ሲያወጣ ሰምታው አታውቅም። ግራ እጁ መጥታ ቀኙን ደረበችው። መንቀጫቀጩ ቆመ፣ የሳሎኑ ብርሃን ጠበበ፣ ቀጠነ፣ በሩም እንደ ሁልጊዜው ያለ ድምፅ ተዘጋ።